ግሪን ማንበብ የተጫዋቹ ፈተና ነው፤ መልሱ በኪስ አይያዝ

እሁድ ማታ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታ አልቆ፣ ትንታኔውም ተሰምቶ፣ ሰው ከዲኤስቲቪ ቤቱ ወደ በሩ ሲያመራ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ሜዳ ብቅ ይላል። ሩጫ የለም፤ ታክል የለም፤ ጩኸትም የለም። ነጭ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ ቁጢጥ ብሎ ሣር ያያል። ይነሳና በወዲያኛው በኩል ዞሮ እንደገና ቁጢጥ ይላል። «ኧረ ቀይሩት!» የሚል ድምፅ ከኋላ ይሰማል። «ይሄ ደግሞ ምን ጠፍቶበት ነው?» ይላል ሌላው። ይሳቃል፤ ቻናሉም ይቀየራል።

ሰውዬው በእርግጥም የሚፈልገው ነገር አለ። የሚፈልገው መንገድ ነው። ኳሷ ከእግሩ ሥር እስከ ጉድጓዱ የምትሄድበትን፣ በዓይን የማይታይ መንገድ። ትልቁ ውድድር የሚወሰነውም ብዙውን ጊዜ ኳሷ ስትመታ ሳይሆን ከመመታቷ በፊት፣ ሰውዬው ቁጢጥ ባለባት በዚያች ደቂቃ ነው። ቻናሉን የቀየረ ሰው ያመለጠው ማስታወቂያ አይደለም፤ ጨዋታው ራሱ ነው።

ለኳስ አፍቃሪው ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ይበጃል። ትላልቆቹ የጎልፍ ውድድሮች 4 ቀን ይፈጃሉ፤ ከሐሙስ እስከ እሁድ። በየቀኑ 18 ጉድጓድ፣ በጠቅላላው 72 ጉድጓድ ይጫወታሉ። ጥቂት ምት የመታ ያሸንፋል። እሁድ መሪዎቹ መጨረሻ ላይ ይወጣሉ። በየዓመቱ በሚያዝያ ወር ግድም በአሜሪካ ጆርጂያ፣ በኦገስታ ናሽናል ክለብ የሚካሄደውን ማስተርስ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ አብዛኛውን ጊዜ መሪዎቹ የሚጀምሩት በኢትዮጵያ ሰዓት ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። አሸናፊው አረንጓዴውን ኮት ሲለብስ ሌሊቱ ተጋምሷል።

እዚህ ጋ አንድ ግፍ የሚመስል ሂሳብ አለ። 300 ሜትር የተጓዘች ምት 1 ተብላ ትቆጠራለች። ግማሽ ሜትር የተንከባለለች ምትም 1 ናት። የሜዳው መደበኛ ሂሳብ 72 ምት ከሆነ፣ ከዚያ ውስጥ 36ቱ፣ ማለትም ልክ ግማሹ፣ ግሪን ላይ ለሚመታው ፑት የተመደበ ነው። ግሪን ማለት ባንዲራው የቆመበት፣ ሣሩ ጥቂት ሚሊ ሜትር እስኪቀረው ድረስ የተላጨው ክብ ቦታ ነው። ስለዚህ ጡንቻ የጨዋታውን ግማሽ ብቻ ነው የሚይዘው። ሌላውን ግማሽ የሚይዘው ዓይን ነው።

ታዲያ ግሪን እንዴት ይነበባል? አንደኛ ተዳፋቱ። ግሪን ከሩቅ ሲታይ እንደ ቢሊያርድ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ትከሻ አለው፣ ጉብታ አለው፣ ውሃ ቢፈስበት የሚወርድበት አቅጣጫ አለው። ተጫዋቹ ከኳሷ ኋላ፣ ከጉድጓዱ ኋላ፣ ከዝቅተኛው ጎን እየዞረ የሚያየው ይህን ነው። ብዙዎቹ ከዓይናቸው ይልቅ እግራቸውን ያምናሉ። መስመሩን መሀል አድርገው ይቆሙና ክብደታቸው ወደየትኛው እግር እንዳጋደለ ያዳምጣሉ።

ሁለተኛ ፍጥነቱ። መስመርና ፍጥነት እንደ ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዱን ለብቻው ማማከር አይቻልም። ጠንከር ብላ የተመታች ኳስ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ ጉድጓዱን ትንሽ ከሳተች ግን አልፋ ትሮጣለች። ለስለስ ብላ የተመታች ኳስ ተዳፋቱን ትሰማለች፤ በተለይ ጉልበቷ ሲያልቅ፣ ጉድጓዱ አጠገብ ስትደርስ በጣም ትታጠፋለች። በእግር ኳስ ቅጣት ምት መቺው ኳሷን በእግሩ ያጠማዝዛታል። ጎልፈኛው ግን ግሪን ላይ ኳሷን ቀጥ አድርጎ ይመታና የማጠማዘዙን ሥራ ለመሬቱ ይተወዋል። መሬቱ ምን እንደሚያደርግ ቀድሞ ማወቅ ደግሞ የሱ ዕዳ ነው።

ሦስተኛ ሣሩና ሰዓቱ። በሞቃት አገር የሚበቅለው ቤርሙዳ የተባለው ሣር ወደ አንድ ወገን ይተኛል፤ ኳሷንም ወደዚያው ይጎትታል። ጠዋት ጤዛ ያለበት ግሪን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያደርቀው ሌላ ግሪን ይሆናል። ኦገስታ ውስጥ ከግሪኖቹ ሥር እርጥበቱን ወደ ታች የሚስብ የአየር ቧንቧ ተዘርግቷል። ሐሙስ የተነበበ መስመር እሁድ ላይ ሐሰት ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ካወቀ በኋላም እንኳ ጉድጓዱ ሰፊ አይሆንለትም። ስፋቱ 10.8 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የዓለም ምርጦች ከ2 ሜትር ከ40 ገደማ ሲመቱ ከሁለት አንዱን ይስታሉ። ፔናልቲ ከ10 ጊዜ 7 ወይም 8 ጊዜ ጎል እንደሚሆን የሚያውቅ የኳስ ሰው ይህን ቁጥር ቆም ብሎ ቢያስበው ጥሩ ነው። አንድ ትልቅ ሰው ተኝቶ ሊሸፍነው ከሚችለው እምብዛም ከማይበልጥ ርቀት የሚመታ ፑት ከፔናልቲ ይከብዳል ማለት ነው።

ንባብ ሲሳካ ምን እንደሚመስል ለማየት በ2005 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በኦገስታ 16ኛ ጉድጓድ ታይገር ዉድስ ያደረገውን ማስታወስ ይበቃል። ኳሷ ከግሪኑ ውጪ ነበረች። እሱ ግን ወደ ጉድጓዱ አላነጣጠረም። ከጉድጓዱ በብዙ ርቀት ወዳለ፣ ከተዳፋቱ ራስ ላይ ወዳለ አንድ ነጥብ ላካት። ኳሷ እዚያ ደርሳ ቀስ አለች፣ ታጠፈች፣ እንደ ወንዝ ውሃ ቁልቁል ወረደች። አፋፉ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ የቆመች መሰለች። ከዚያ ገባች። ዓለም ያጨበጨበው ለመግባቷ ነው። ሊጨበጨብለት የሚገባው ግን ያቺን ነጥብ ማየቱ ነበር። ዉድስ ቀጥሎ ባሉት ሁለት ጉድጓዶች አንዳንድ ምት ቢያባክንም በተጨማሪ ጉድጓድ ክሪስ ዲማርኮን አሸንፎ ኮቱን ለብሷል።

ንባብ ፑት ብቻም አይደለም። ወዴት መሄድ እንደሌለብህ ማወቅም ንባብ ነው። በ2019 እሁድ ፍራንቼስኮ ሞሊናሪ በ2 ምት እየመራ ኦገስታ 12ኛ ጉድጓድ ደረሰ። ርቀቱ 142 ሜትር ገደማ ነው፤ ለነሱ አጭር ነው። ከፊቱ ግን ወንዝ አለ፤ ባንዲራው በቀኝ ተተክሎ ዓይን ይስባል። ሞሊናሪ ውሃ ውስጥ ከተታት። ዉድስ ባንዲራውን ዞር ብሎም አላየው፤ ወደ ግሪኑ መሀል መትቶ፣ በሁለት ፑት ጨርሶ ወጣ። በ43 ዓመቱ አምስተኛውን ኮት የለበሰው በአብዛኛው ባልደፈረው ባንዲራ ነው።

የመጨረሻው ቀን ግን ሌላም ፈተና ይጨምራል። ያው ሜዳ፣ ያው ዱላ፣ ያው ሰው፤ እጁ ግን ያው አይደለም። በ1996 ግሬግ ኖርማን በ6 ምት እየመራ እሁድን ጀመረ። በ9ኛው ጉድጓድ ኳሱ ግሪኑ ላይ አርፋ፣ ጥቂት በማነሷ የፊቱን ተዳፋት ይዛ ወደ መጣችበት ተመለሰች። 11ኛው ላይ በሦስት ፑት ጨረሰ፤ 12ኛው ላይ ውሃ ገባ። በመጨረሻ 78 መትቶ፣ 67 በመታው ኒክ ፋልዶ በ5 ምት ተበለጠ። 6 ጎል እየመሩ እረፍት ወጥቶ 6 ለ 11 መሸነፍ ማለት ነው። ዳኛ የለበትም፤ ኦፍሳይድ የለበትም፤ የሚረገም ተከላካይም የለም።

አንዳንዴ ደግሞ አብዝቶ ማንበብም ይገድላል። በ1989 ስኮት ሆክ በተጨማሪ ጉድጓድ ላይ ማስተርስን ሊያሸንፍ የቀረችው 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነች ፑት ነበረች። ዞራት፣ አያት፣ ደግሞ አያት፣ ደግሞ ዞራት። ሳታት። በሚቀጥለው ጉድጓድ ፋልዶ ከሩቅ አስገብቶ ሄደ። ንባብ መጨረሻ አለው፤ አንብቦ የጨረሰ ሰው መመለስ የለበትም።

ሮሪ ማክኢልሮይ ይህን ሁሉ በአንድ ሕይወት ውስጥ ያየ ሰው ነው። በ2011 ኦገስታ ላይ በ4 ምት እየመራ ወጥቶ 80 መታ። በ2024 ዩኤስ ኦፕን ላይ፣ በፓይንኸርስት ቁጥር 2 ሜዳ እንደ ኤሊ ጀርባ የጎበጡት ግሪኖች ላይ፣ ዋንጫው በእጁ ነበር። በዚያ ዓመት እስከዚያ ቀን ከ90 ሳንቲ ሜትር በታች የመታቸውን 496 ፑቶች ሁሉ አስገብቶ ነበር። 16ኛው ላይ ከ76 ሳንቲ ሜትር ሳተ። 18ኛው ላይ ቁልቁል የምትጠማዘዝ፣ ከአንድ ሜትር ትንሽ የበለጠች ፑት ሳተ። ብራይሰን ዲሻምቦ በአንድ ምት በልጦ ዋንጫውን ወሰደ።

በ2025 እሁድ ኦገስታ ላይ ታሪኩ ሊደገም ጥቂት ቀርቶት ነበር። መጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ሁለት ምት አባከነ፤ 13ኛው ላይ በእጁ ሊወረውራት ከሚችለው ርቀት ኳሷን ወንዝ ውስጥ ጨመራት። 18ኛው ላይ ለማሸነፍ የቀረችውን አንድ ሜትር ተኩል ፑትም ሳተ። ጀስቲን ሮዝ 66 መትቶ እኩል ወጥቷል። ከዚያ ሁለቱ እዚያው 18ኛው ጉድጓድ ላይ ተመለሱ። ማክኢልሮይ ኳሷን ከባንዲራው አሳልፎ ተዳፋቱ ላይ አሳረፋት፤ ተዳፋቱ ራሱ ወደ ኋላ መልሶ ጉድጓዱ አጠገብ አደረሳት። አስገባት። አራቱንም ትላልቅ ዋንጫዎች በመውሰድ በታሪክ 6ኛው ሰው ሆነ። ከግማሽ ሰዓት በፊት የከዳው ግሪን ያዳነው፣ እንዲሠራለት አድርጎ ስላነበበው ነው።

የኦገስታ የንባብ ታሪክ ግን ከተጫዋቾቹ አይጀምርም። እስከ 1982 ድረስ ማስተርስ ላይ የተጫዋቹን ቦርሳ የሚሸከሙትና መስመር የሚነግሩት ካዲዎች የክለቡ ሠራተኞች ብቻ ነበሩ፤ ጥቁሮች ነበሩ። አርኖልድ ፓልመር 4 ጊዜ ሲያሸንፍ ቦርሳውን የያዘው ናትናኤል አቨሪ ነው። ጃክ ኒክላውስ ካሸነፋቸው 6 ማስተርሶች በ5ቱ አጠገቡ የነበረው ዊሊ ፒተርሰን ነው። ካርል ጃክሰን ማስተርስ ላይ ቦርሳ መሸከም የጀመረው ገና በ14 ዓመቱ፣ በ1961 ነበር። ከቤን ክሬንሾ ጋር ሆኖ የ1984ንና የ1995ን ኮት አስገኝቷል።

እነዚህ ሰዎች ግሪኖቹን የተማሩት ከመጽሐፍ አይደለም። በየቀኑ ረግጠውት፣ ኳስ ሲታጠፍ አይተው፣ የትኛው ጥግ ወደ ወንዙ እንደሚስብ በእግራቸው አውቀው ነው። በሰፈር ሜዳ ያደገ ሁሉ ይህን ዓይነት ዕውቀት ያውቀዋል፤ ኳሷ የት ጋ እንደምትነጥር፣ ዝናብ ሲዘንብ የትኛው ጎል ጋ ውሃ እንደሚቋጥር ለእንግዳ ቡድን አይነገርም። ልዩነቱ እነዚህ ካዲዎች ዕውቀታቸውን ለሌላ ሰው ክብር መስጠታቸው ነው። ጥቁር ተጫዋች ማስተርስ ላይ የተጫወተው በ1975 ነው፤ ሊ ኤልደር ይባላል። ክለቡ የመጀመሪያውን ጥቁር አባል የተቀበለው በ1990፣ ሴቶችን የተቀበለው ደግሞ በ2012 ነው። ግሪኑን ከሁሉ በላይ የሚያውቁት ሰዎች የአባላቱ መዝገብ ላይ ስማቸው አልነበረም። ስለ ኦገስታ ውበት የሚያወራ ሁሉ ይህንንም አብሮ ማውራት አለበት።

ከ1983 ጀምሮ ተጫዋቾች የራሳቸውን ካዲ ማምጣት ቻሉ። የጥሩ ካዲ ዋጋ ግን አልቀነሰም። በ2013 አዳም ስኮት ከአንኸል ካብሬራ ጋር ሁለተኛው ተጨማሪ ጉድጓድ ላይ ሲደርስ እየመሸ ነበር። ሳሩ በደንብ አይታይም። ስኮት ካዲውን ስቲቭ ዊሊያምስን ጠርቶ አማከረው። ዊሊያምስም ኳሷ ስኮት ከገመተው በላይ እንደምትታጠፍ ነገረው። ስኮት አመነው፤ ገባች። ማስተርስን ያሸነፈ የመጀመሪያው አውስትራሊያዊ ሆነ።

ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ ቢባል፣ ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። ባለፉት ዓመታት ግሪኖች በመሣሪያ እየተለኩ፣ እያንዳንዷ ተዳፋት በቀስትና በቁጥር ተጽፋ፣ በኪስ በምትያዝ መጽሐፍ ታትማ መሸጥ ጀምራ ነበር። ተጫዋቹ ቁጢጥ ማለቱን ትቶ ገጽ ሲገልጥ ይታይ ነበር። የጎልፍን ሕግ የሚያወጡት አር ኤንድ ኤ እና የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር በመጀመሪያ በ2019 የካርታዎቹን መጠን ገደቡ። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ትላልቅ ውድድሮች እነዚህን ዝርዝር ካርታዎች ጨርሰው መከልከል የሚችሉበትን ደንብ አወጡ፤ ታላላቆቹ ቱሮችም ተቀበሉት። ተጫዋቹና ካዲው ራሳቸው አይተው በእጃቸው የጻፉትን ማስታወሻ ግን መያዝ ይችላሉ። ማስተርስ ቀድሞውንም መጽሐፎቹን አይፈቅድም ነበር።

ተቃዋሚዎች ነበሩ፤ ክርክራቸውም ባዶ አልነበረም። ዘመኑ የመረጃ ነው፤ ካርታው ለሁሉም እኩል ይሸጣል፤ ጨዋታውንም ያፋጥናል ይላሉ። የኳስ አፍቃሪውም ሊጠይቅ ይችላል፤ ኳሱ በ2014 የጎል መስመር መሣሪያ፣ በ2018 ደግሞ ቪኤአር ይዞ ዓለም ዋንጫ ላይ ከገባ፣ ጎልፍ ወደ ኋላ የሚሄደው ለምንድን ነው?

መልሱ አንድ ልዩነት ውስጥ ነው ያለው። ቪኤአር በዳኛው እጅ ነው። ዳኛው ኳሷ መስመሩን አልፋ እንደሆነ በመሣሪያ ቢያጣራ ፍትሕ ይጨምራል፤ ምክንያቱም የዳኛው ሥራ መፈተን ሳይሆን መመዘን ነው። ተጫዋቹ ግን የሚፈተነው ነው። አጥቂው በጆሮው «በረኛው ወደ ግራ ነው የሚወድቀው» የሚል ማሽን ይዞ ፔናልቲ ቢመታ የሚያጨበጭብ ደጋፊ አይኖርም። የግሪን ካርታም ያው ነው። የጨዋታውን ግማሽ ለዓይን ከሰጡ በኋላ፣ የዓይንን ሥራ ለማተሚያ ቤት ማስረከብ ፈተናውን ከነመልሱ ማደል ነው።

በራስ እጅ የተጻፈው ማስታወሻ ከዚህ የሚለየው በላብ በመገኘቱ ነው። ሰኞና ማክሰኞ ባዶ ሜዳ ላይ ኳስ እያንከባለለ የጻፈ ሰው ያነበበውን ነው የያዘው። ካርል ጃክሰን በጭንቅላቱ የያዘውም ይህንኑ ነበር። ደንቡ ትክክል ነው የሚባለው የድሮውን ስለናፈቀ አይደለም፤ ለደከመው ዋጋውን ስለመለሰለት ነው። ሕግ አውጪዎቹም ወደ ኋላ እንዳይመለሱ፣ በስልክም ሆነ በመነጽር ለሚመጣው አዲስ መሣሪያ ይቺኑ ድንበር ቢያስጠብቁ ይሻላል፤ ለዳኛ ይፈቀድ፣ ለተጫዋች አይፈቀድ።

አንድ የሚቀር ወቀሳ አለ፤ እሱም ዝግታው ነው። አንዱ ተጫዋች በእግሩ እየረገጠ፣ ጣቱን እያነሳ፣ ከአራት አቅጣጫ እያየ ሦስት ደቂቃ ሲፈጅ ተመልካች ቢሰለች አይፈረድበትም። የጎልፍ ሕግ ራሱ አንድ ምት ከ40 ሴኮንድ ባይበልጥ ይመክራል። ይህ ምክር እሁድ ላይ እንደ ቢጫ ካርድ ቢሠራበት ንባቡ አይጎዳም። ስኮት ሆክ እንዳሳየው ትርፍ ደቂቃ ትርፍ ዕውቀት አይሰጥም።

እንግዲህ የኳስ ሰው አንድ እሁድ ማታ ትዕግሥት ቢያገኝ፣ እንዲህ ብሎ ይሞክረው። ተጫዋቹ ቁጢጥ ሲል አብሮ ያንብብ፤ ኳሷ ወደ ግራ ወይስ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች፣ ስንት ጣት ያህል ብሎ ለጎረቤቱ ይንገር። ከዚያ ይይ። መጀመሪያ አካባቢ ይስታል። ከአሥር ከአሥራ አምስት ፑት በኋላ ዓይኑ ተዳፋቱን መያዝ ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ ያ ዝምታ ዝምታ አይመስለውም። ውጤቱ ከመታየቱ በፊት ሁሉ ነገር የሚወሰንባት፣ ማንም ማንንም ሊረዳበት የማይችል፣ ሰው ከመሬት ጋር ብቻውን የሚነጋገርባት ቅጽበት መሆኗ ይገባዋል።